ቁጥሩ ሙሉ፣ ደሙ የማይቆም

የጤነኛ ሰው ደም በብልቃጥ ውስጥ ረግቶ ጥቂት ሲቆይ ይኮማተራል፤ ገርጣ ያለ ፈሳሽም ጨምቆ ያወጣል። ስዊዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ኤድዋርድ ግላንዝማን እ.ኤ.አ. በ1918 የገለጻቸው ሕሙማን ደም ግን አልኮማተር አለ። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ፕሌትሌቶች ሲቆጠሩ አይጎድሉም። በኋላ እንደታወቀው የጎደለው እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ፕሮቲን ነው። ሕመሙ ዛሬም በሐኪሙ ስም ይጠራል።

ከሚሊዮን ሰው አንዱን ቢይዝ ነው። የሚታመመው ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ልጅ ስለሆነ፣ የቅርብ ዘመድ በሚጋባበት ማኅበረሰብ ዘንድ ይበረክታል፤ በእስራኤልም ከኢራቅ በመጡ አይሁዶች ላይ ጎልቶ ታይቷል። ሰባት ቤት መቁጠር አደጋውን ያርቃል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

የፕሌትሌቷ ቁጥር ሙሉ ነውና «ደምሽ ደህና ነው» ተብላ ወደ ቤቷ የምትመለስ ልጅ ትኖራለች። ነስሯን ቤተሰቡ ለምዶታል። የመጀመሪያ ወር አበባዋ ሲመጣ ግን ደሙ አልቆም ብሎ ሕይወቷን ሊያሰጋ ይችላል።

ልጅ ሲነስረው ብዙዎቻችን ራሱን ወደ ኋላ ቀና እናደርጋለን። ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል እንጂ አይቆምም። ራሱን ወደ ፊት ደፋ አድርጎ፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጦ፣ ቆመ አልቆመ እያሉ ሳይለቁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መያዝ ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒትም የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያግዛል።

ደሙ ሲበረታ ፕሌትሌት ይሰጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፕሌትሌት አብዛኛውን ጊዜ ፍሪጅ አይገባም፤ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እየተወዘወዘ በተለምዶ 5 ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። ከዚህም የሚከፋው፣ የሕመምተኛው ሰውነት የማያውቀውን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ የፕሌትሌት ከረጢት ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ በመጫን ለሚቆም ደም ፕሌትሌት ማባከን ስህተት ነው፤ ሕይወትን በሚያሰጋ መድማት ላይ መንፈግ ደግሞ የባሰ ስህተት። ፕሌትሌት ለማይሠራላቸው ሕሙማን አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2004፣ አሜሪካ በ2014 የፈቀዱት ኖቮሰቨን የተባለ በላቦራቶሪ የሚሠራ መድኃኒት አለ። ዋጋው ግን የብዙውን ሰው አቅም ይፈትናል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በትንሽ በትልቁ የሚደማ ከሆነ «ቁጥሩ ልክ ነው» በሚለው መልስ ብቻ አትመለሱ፤ ፕሌትሌቱ ሥራውን ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ሕመሙ ከታወቀ ስሙን የያዘ ወረቀት ከልጁ ኪስ አይጥፋ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡት።