የብረታ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ አመራረጥ
የብረታ ብረት ጠቋሚ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ የአፈሩን ጠባይ ይመርምር እላለሁ። መሣሪያው መግነጢሳዊ መስክ እየላከ ከተቀበረው ነገር የሚመለሰውን ምላሽ ወደ ድምፅ ይለውጣል። በዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለማቋረጥ የሚሠራው ዓይነት ሚስማርን ከብር ሳንቲም ለመለየት ይበጃል፤ የብረት ማዕድን በበዛበት አፈር ላይ ግን በከንቱ ይጮኻል። በአጫጭር ምት የሚሠራው እንዲህ ያለውን አፈር ይቋቋማል፤ የመለየት አቅሙ ግን ደካማ ነው።

የትኛውም ቢሆን ዕቃው ከምን ጋር እንደተቀበረ አይነግረንም። በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ስታፎርድሺር በታረሰ ማሳ ውስጥ የተገኘውን የአንግሎ ሳክሰን ወርቅ እንውሰድ፤ አግኚው ስላስታወቀ አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን በሥርዓት ቆፍረው መዘገቡት። ስለዚህ ጥንታዊ ነገር ሲገኝ ቁፋሮን አቁሞ ማስታወቅ ከመሣሪያ ምርጫ ይቀድማል።