በጌዴ ጫካ ውስጥ ያለችው መስጊድ



ውድ አንባብያን፣ ስለ ጉዟችን ልናወጋችሁ ብዕር ስናነሳ በቅድሚያ ስለ አንድ ቃለ ጉባኤ መናገር ግድ ሆኖብናል። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ላይ በነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ፣ ስሙን የማንጠቅሰው አንድ የመድረሳ ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር። የመድረሳው ጣሪያ ያፈስሳል፤ ገንዘብ የለም። በቀብር ቦታው ዙሪያ ግን አያቶቻችን ሲመጡ ቆመው ያገኟቸው ዋንዛዎች፣ ወይራዎችና አንድ ትልቅ ሾላ አሉ። አንድ የጣውላ ነጋዴ ጥሩ ዋጋ አቀረበ፤ ይሸጡ ተባለ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍነው እኛ ነን። ፊርማችንም አለበት። ያን ጊዜ እጃችን አልተንቀጠቀጠም።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለዓመታት ስንመኘው ወደኖርነው የኬንያ የባሕር ጠረፍ ጉዞ ጀመርን። «እኛ» ስንል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የተጓዘው አንድ ሰው፣ አንድ ሻንጣና አንድ መስገጃ ነው። እናታችን አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሌሊት ብቻን ከመጓዝ ማስጠንቀቃቸው በቡኻሪ ተዘግቧልና እናታችን ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በመጨረሻ የተስማማነው በቀን ብቻ እንድንሄድና ማታ ማታ እንድንደውል ነው። ኬንያ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ የሚገባባት ጎረቤት መሆኗም ነገሩን አቅልሎልናል።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ዋናው ችግር፣ ብዙዎች እንደሚሉት፣ ወንበዴ አይደለም፤ ሻንጣው ነው። ውዱእ ሲያደርግ ማን ይጠብቅለታል? ሞያሌ ላይ ገንዘብ የመነዘረልን ወጣት ፊት ለፊታችን ቆጥሮ ሰጥቶን፣ ደግመን ስንቆጥር ሁለት ወረቀት ጎድሎ አገኘነው። ዞር ስንል የለም። በዚህ ተናድደን መስጊድ በራፍ ላይ ሻንጣችንን አቅፈን እንደቆምን፣ ጺማቸውን በሒና ያቀሉ አዛውንት «እዚህ ከጎኔ አኑረውና ውዱእህን አድርግ» አሉን። የቦረና ኦሮምኛቸው ከወለጋው ለየት ቢልም ተግባባን። ዙህርና ዐስርን ሰብስበንና አሳጥረን ሰግደን ስንመለስ ሻንጣው ላይ እጃቸውን ጭነው አገኘናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ሞምባሳ ድረስ በየደረስንበት ከተማ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ሆቴል ሳይሆን ስለ መስጊድ ሆነ።

ከናይሮቢ ሞምባሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር ወረድን። ከሞምባሳ በማታቱ ኪሊፊን አልፈን፣ ማሊንዲ ከመድረሳችን በፊት ጌዴ ወረድን።

ጌዴ የሙስሊሞች ከተማ ነበረች። ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ ቤተ መንግሥት፣ ትልቅ የጁሙዓ መስጊድና ሌሎች መስጊዶች ነበሯት። ነጋዴዎቿ ከቻይና የመጣ ሸክላ ይጠቀሙ እንደነበር ቁፋሮው አረጋግጧል። በአንደኛው መቃብር ላይ 802 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1399) የሚል ዘመን ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ17ኛው መቶ ዓመት ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሄዱ። ስለ ምክንያቱ ሊቃውንት አንድ ቃል የላቸውም። የጦርነት ስጋት ነው የሚሉ አሉ፤ የጉድጓድ ውኃው ወደ ታች ስለሸሸ ነው የሚሉም አሉ። ስሟ ከኦሮምኛ የመጣ፣ ትርጉሙም «ውድ» ማለት እንደሆነ የጻፉ መኖራቸውን ስንሰማ፣ ከወለጋ ድረስ የመጣነው ሰው ፈገግ አልን። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

መስጊዷ ጣሪያ የላትም። ሚሕራቧ አለ፤ ምሰሶዎቿ አሉ፤ ከጎኗ ጥልቅ ጉድጓድና የውዱእ ስፍራ አለ፤ ውኃ ግን የለም። በግንቦቹ ላይ የዛፍ ሥሮች እንደ እጅ ጣቶች ተዘርግተዋል፤ ጦጣ ከግንብ ግንብ ይዘላል። አንድ ሰዓት ያህል ብቻችንን ቆየን። ጓደኛ ቢኖረን ኖሮ ፎቶ ተነሥተን የምንሄድ ይመስለናል። ብቻውን የሆነ ሰው ግን ጭንቅላቱ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የኛም ወደ ቃለ ጉባኤው ተመለሰ።

አስጎብኚያችን የጊሪያማ ተወላጅ ነበር። ጫካውን ያተረፈው አጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ አለን፤ አባቶቹ ስፍራውን መንፈስ ያለበት አድርገው ስለሚፈሩት መጥረቢያ ይዞ የሚገባ አልነበረም። በጠረፉ «ካያ» የሚባሉ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች ጥንታዊ ደኖችም አሉ፤ ሽማግሌዎች ዛፍ እንዳይቆረጥባቸው ጠብቀው አቆይተዋቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል። እኛ ሙስሊሞች በዛፍ መንፈስ አናምንም፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን የመካና የመዲና ሐረም ዛፍ እንዳይቆረጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። አን-ነቂዕ የተባለውን ስፍራም ሒማ፣ ማለትም የተጠበቀ ግጦሽ፣ አድርገው ከልለዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) የሒማ ጠባቂያቸውን ሲያዝዙ ጥቂት ከብት ያለው ድኻ እንዳይከለከል፣ ሀብታሞቹ ግን ቅድሚያ እንዳይሰጣቸው አስጠንቅቀዋል። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቻችን አስተምረናል። መንፈስ የሚፈራው ሰው ዛፉን አተረፈው፤ ሐዲስ የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ሽያጩን ፈረመ።

የድኻው ነገር በአራቡኮ ሶኮኬም ተነሣ። ከጌዴ አጠገብ ያለ፣ ወደ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ደን ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከቀሩት ደረቅ ደኖች ትልቁ ነው። ዝሆኑና ዝንጀሮው እህላቸውን የሚያጠፋባቸው ብዙ ገበሬዎች ደኑ ተመንጥሮ እንዲታደላቸው ይጠይቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ኪፔፔኦ የተባለ ሥራ ተጀመረ፤ ቃሉ በስዋሂሊ ቢራቢሮ ማለት ነው። ገበሬው ቢራቢሮ ያረባል፤ ሙጬው ባሕር ማዶ ላሉ የቢራቢሮ ማሳያዎች ይሸጣል፤ ገንዘቡ ወደ ገበሬው ይመለሳል። የቢራቢሮው ምግብና ዘር ከደኑ ስለሆነ ደኑ ከጠፋ ገቢውም ይጠፋል። በበኩላችን፣ ድኻን «አትቁረጥ» ብሎ ዝም ከማለት ይህ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጳጉሜን ላይ ነቀምት ስንደርስ ሁለት ዋንዛዎች ተቆርጠዋል። ጉቶዎቹ ገና እርጥብ ነበሩ። ኮሚቴው እንዲሰበሰብ ጠይቀን፣ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ያየነውን ሁሉ ተናገርን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እስከ መጨረሻው ካዳመጡን በኋላ፣ «ሙዐሊም፣ እዚህ ተቀምጠህ ስትጽፍ ያልታየህ ዛፍ ባሕር ዳር ስትደርስ ታየህ? እሺ፣ የልጆቹ ጣሪያ ከየት ይምጣ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ለሁለቱ ዋንዛዎች የተከፈለው ገንዘብ ለማገርና ለምስማር ወጥቶ አልቋል።

ብዙ ክርክር ተደርጎ የቀሩት ዛፎች ለአንድ ዓመት እንዳይነኩ፣ አቅም ያለው እያንዳንዱ ቤተሰብም አንድ አንድ ቆርቆሮ እንዲያመጣ ተወሰነ። ይህንንም ቃለ ጉባኤ የጻፍነው እኛ ነን። «በከኒሳ ቀሴ» ብለን የሰፈሩን ስም ስናሰፍር፣ በከኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት መሆኑን አንድ ወጣት አስታወሰን። ብሳና ግን በሰፈሩ ስንት ቀርቷል ብለን ብንጠያየቅ ከአራት በላይ የቆጠረ አልተገኘም።

ከሚያስፈልገው 60 ቆርቆሮ ይህን እስከጻፍንበት ቀን ድረስ 23 ገብቷል። ትንንሾቹ ልጆች ለጊዜው ቁርኣን የሚቀሩት ሾላው ሥር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሰሌዳቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ወደ መስጊዱ በረንዳ ይሮጣሉ።