አንድ ጉሮሮ፣ ሁለት ካንሰር

ማንቁርቱ ላይ ካንሰር የተገኘበት ሰው ምላሱ ሥር ሌላ ሲታይ ቤተሰቡ ቶሎ የሚለው «ተሠራጨበት» ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ስሎተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው 783 የአፍ ካንሰር ሕሙማን ከአሥር አንዱ ያህሉ ከአንድ በላይ፣ የየራሱ መነሻ ያለው ካንሰር ነበረባቸው። ትምባሆና አልኮል ለዓመታት ያለፉበት ገላ የሚጎዳው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከአፍ እስከ ምግብ ቧንቧ ያለው ሽፋን በሙሉ ለጉዳት ይጋለጣል። በአንድ ማሳ ሁለት ቦታ የበቀለ አረም አንዱ የሌላው ልጅ ሳይሆን ሁለቱም የመሬቱ ናቸው። ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሳይገፉ የተደረሰባቸው ሁለት ካንሰሮች ሁለቱም ሊድኑ ይችላሉ።

የጨረር ሕክምና ግን እንደ መድኃኒት እየደጋገሙ የሚሰጡት አይደለም። የተለመደው ሙሉ መጠን 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሲሆን በ35 የሕክምና ቀን ተከፋፍሎ ሰባት ሳምንት ይፈጃል። በሙቅ ውሃ የለሰለሰ ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ፊት ላይ ተዘርግቶ በጥቂት ደቂቃ ይደርቅና ጭምብል ይሆናል፤ ሕመምተኛው በየቀኑ በዚያው ጭምብል ከአልጋው ጋር ይታሰራል፤ ጨረሩ በሚሊሜትር እንኳ እንዳይስት ነው። ኅብለ ሰረሰር የሚችለው ከ45 እስከ 50 ግሬይ ገደማ ብቻ ነው፤ የተቀበለውንም ቶሎ አይረሳም። እንግዲያው ሁለተኛው ካንሰር የመጀመሪያው ታክሞ ካለቀ በኋላ ቢገኝ መንገዱ አስቀድሞ ተይዟል። የመጀመሪያው ጨረር ከመለቀቁ በፊት ጉሮሮው፣ ምግብ ቧንቧውና ሳንባው ሁሉ መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል፣ ካንሰሩም አይጠብቅም የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ጭምብሉ ተሠርቶ ዕቅዱ እስኪወጣ ድረስ ያሉት ቀናት ለኢንዶስኮፒና ለደረት ሲቲ ስካን ይበቃሉ። ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ማዕከል በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልማ ሕሙማን ተራ ሲጠብቁ ወራት አልፈዋል፤ እዚያ ያስቸገረው ምርመራው አልነበረም። «ታዲያ ሁሉንም ቦታ በአንዴ ማቃጠል አይሻልም?» ለሚለው ግን መልሴ አይሻልም ነው። ምራቅ ይደርቃል፣ መዋጥ ይከብዳል፤ ያልታመመውን ሥጋ ጨምሮ መክፈል ይሆናል። ትንሹ ካንሰር በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከሆነ እሱን አውጥቶ ጨረሩን ለትልቁ ማቆየት፣ ሁለቱም የማይቆረጡ ከሆኑ በአንድ ጭምብል፣ በአንድ ዕቅድ መያዝ ይገባል።

ከዓመታት በኋላ አዲስ ካንሰር የመጣበትስ? ለተመረጡ ሕሙማን ድጋሚ ጨረር ይሰጣል፤ መንጋጋ አጥንት ሊሞት፣ የአንገት ትልቁ የደም ሥር ሊፈነዳ ስለሚችል ግን በጥብቅ ተመዝኖ ነው። ሐኪሙ ይህን ለመመዘን የቀድሞው ዕቅድ በእጁ ያስፈልገዋል፦ ስንት ግሬይ፣ በስንት ቀን፣ የትኛው ቦታ ላይ። ሕመምተኛው ሕክምናውን ጨርሶ ሲወጣ ያ ወረቀት አብሮት መውጣት አለበት።