የሰማይዋ ላም ጠበቃ አገኘች

አባቶቻችን “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ሲሉ፣ አንድ ቀን ለዚያች ላም ሕግ የሚያወጣ ሹም፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ነጋዴ ይመጣል ብለው የጠረጠሩ አይመስለኝም። በተበተንባቸው የፈረንጅ አገሮች ግን ሁለቱም መጥተዋል።

በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት የሚገኘው የስካማኒያ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1969 “ቢግፉት” የሚሉትን፣ በጫካ ይኖራል የሚባለውን ጸጉራም ግዙፍ ፍጡር የገደለ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣል ሲል ደነገገ። ቀኑ ኤፕሪል 1፣ ፈረንጆች የሚቀላለዱበት ዕለት ነበር። ጉዳዩ ግን ቀልድ አልነበረም። ፍጡሩን ፍለጋ ጠመንጃ አንግበው ጫካ የሚገቡት ሰዎች እውነተኞች ነበሩ። በጥላ ላይ የሚተኩስ ሰው የሚገድለው ተረቱን ሳይሆን መንገደኛውን ነው። በ1984 ድንጋጌው ሲሻሻል ይኸው ስጋት በግልጽ ገባበት፦ የተገደለው ሰው መሰል ሆኖ ከተገኘ ክሱ በነፍስ ግድያ ሕግ ይታያል።

ኢንሹራንሱን ደግሞ እንግሊዞች ዘንድ እናገኘዋለን። ከቲ ሳርክ የተባለው የውስኪ ድርጅት በ1971 በስኮትላንድ የሎክ ኔስ ሐይቅ አለ የሚባለውን አውሬ ለያዘ 1 ሚሊዮን ፓውንድ እሸልማለሁ አለ። ወዲያው “ቢገኝስ?” የሚል ስጋት ገባውና ለንደን ሎይድስ ዘንድ ኢንሹራንስ ገዛ። ሻጮቹ አውሬው አለ ብለው መማል አላስፈለጋቸውም። የመገኘቱን ዕድል ገመቱ፣ አረቦናቸውን ተቀበሉ።

ውድ አንባቢ፣ ሕግም ኢንሹራንስም “አለ ወይስ የለም?” የሚለውን ክርክር አይፈቱም። “ቢኖርስ?” ብለው ይዘጋጃሉ። የማናውቀው ነገር ሲገጥመን ሳናጣራ ከመተኮስ ይህ ሳይሻል አይቀርም።