ቤት ስንቀይር አድራሻችንንም እንቀይር

ቤት ስንቀይር ጓዛችንን ጠቅልለን፣ ቡና አፍልተን ከአዲሱ ጎረቤት እንተዋወቃለን። ደብዳቤያችን ግን አሮጌው ቤት ይቀራል። በእኛም ደርሷል። የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ደብዳቤ ወደ ቀድሞው ቤት ሲመላለስ ከርሞ፣ ስንሰማ ዕዳው ጨምሮ ጠበቀን። «አልደረሰንም» ብንል «የተመዘገበው አድራሻችሁ ይህ ነው» ተባልን።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ አድራሻ የቀየረ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለሚስራድ ሃፕኒም ማሳወቅ እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ክፍያ የለውም። በቴኡዳት ዜሁት ውስጥ የምንይዘው ወረቀት፣ ሰፋሁ፣ በአዲሱ አድራሻ ይታተማል። የምንመርጥበት ጣቢያም በዚሁ አድራሻ ይወሰናል።

ይህ ብቻ ግን አይበቃም። የባንክ ሂሳብ የቀየረ ሰው ለቢቱዋህ ሌኡሚ ለብቻው ማሳወቅ አለበት፤ ስልኩ *6050 ነው። የልጆች አበል በወሩ በ20፣ የእርጅና ጡረታ በ28 ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ አዲሱ ሂሳብ ሳይገባ አሮጌውን አንዝጋ።

ኩፓት ሆሊም የተመዘገበው ስልክስ የማን ነው? በብዙ ቤት የልጅ ነው። ልጁ አግብቶ ከወጣ ወይም ቁጥሩን ከቀየረ፣ የሐኪም ቀጠሮ መልእክት ለእኛ አይደርስም። በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ ጸሐፊዋን «የትኛው ስልክ ነው የተመዘገበው?» ብለን እንጠይቅ።

ዛሬ ማታ ሰፋሁን አውጥተን እንየው። የተጻፈው አድራሻ የምንተኛበት ቤት ነው?