በፍራፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር ክብደት መቀነስን ያሰናክላልን?

ክብደታቸውን ለመቀነስ ቆርጠው የሚነሡ ብዙ ሰዎች በቅድሚያ የሚተዉት ጣፋጭ ነገርን ሲሆን፣ ከኬኩና ከለስላሳ መጠጡ ጋር ሙዙም፣ ብርቱካኑም፣ ማንጎውም አብሮ ከገበታ ይነሣል። ምክንያታቸው ስኳር ከየትም ይምጣ ያው ስኳር ነው የሚል ነው። በተቃራኒው የቆሙት ደግሞ የፍራፍሬ ስኳር ተፈጥሯዊ ስለሆነ አያወፍርም ብለው በማመን ጭማቂ ያለ ገደብ ይጠጣሉ። ሁለቱም አመለካከቶች እውነትን በከፊል የያዙ ቢሆኑም፣ ሁለቱም ወደ ተሳሳተ ውሳኔ ይመራሉ፤ በክብደት ላይ ለውጥ የሚያመጣው በዋናነት ስኳሩ በምን መልክ፣ በምን ፍጥነትና በምን ያህል መጠን እንደሚወሰድ ነውና።

ለፍራፍሬ ጣዕም የሚሰጡት ዋና ዋናዎቹ ስኳሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ እና ሁለቱ ተጣምረው የሚፈጥሩት ሱክሮስ ናቸው። ሱክሮስ ከሸንኮራ አገዳ ተጣርቶ በሻይ ላይ የሚጨመረው ነጭ ስኳር ራሱ ሲሆን፣ በማንጎም ሆነ በስኳር ዕቃ ውስጥ ቢገኝ ተፈጥሮው አንድ ነው። እያንዳንዱ ግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጉልበት ይሰጣል፤ ኪሎ ካሎሪ ማለትም ምግብ ለሰውነት የሚያስገኘው ጉልበት የሚለካበት መስፈርት ነው። ሰው ከሚያወጣው በላይ ጉልበት ሲያስገባ ትርፉ በስብ መልክ ስለሚከማች፣ የፍራፍሬ ስኳር ከዚህ ሕግ ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ ፍራፍሬ የስኳር ከረጢት አይደለም። መካከለኛ መጠን ያለው አንድ ብርቱካን 12 ግራም ያህል ስኳር የያዘ ሲሆን፣ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ 3 ግራም ያህል አሰርም አለው። አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው በሰው ጨጓራና በትንሹ አንጀት የማይፈጭ የዕፅዋት ክፍል ሲሆን፣ ምግቡን በማወፈር የስኳሩን ወደ ደም መግባት ያዘገያል። የብርቱካኑ ጠቅላላ ጉልበት ከ60 ኪሎ ካሎሪ ብዙም አይርቅም። በአንጻሩ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር ሲኖረው አሰር የሚባል ነገር የለውም። ያንኑ ያህል ስኳር ከብርቱካን ለማግኘት ሦስት ፍሬ ልጦ፣ አኝኮ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ጣሳውን ግን በጥቂት ደቂቃ ጨርሶ ወዲያው ምሳ መብላት ለማንም አያስቸግርም።

ይህ ልዩነት በሙከራም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የተካሄደና «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ 10 ጤነኛ ሰዎች 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የያዘ ፖም በሦስት መልክ፣ ማለትም ሙሉ ፍሬውን፣ የተፈጨውን እና አሰሩ የወጣለትን ጭማቂ፣ በተለያየ ጊዜ እንዲወስዱ አድርጓል። ጭማቂው ከሙሉው ፖም በ11 እጥፍ ፈጥኖ ተጠጣ፤ የአወሳሰዱ ፍጥነት እኩል እንዲሆን ሲደረግ እንኳ ጭማቂው ከተፈጨው፣ የተፈጨውም ከሙሉው ያነሰ ጥጋብ ሰጠ። በተጨማሪም ቆሽት የሚያመነጨውና ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ከጭማቂውና ከተፈጨው ፖም በኋላ ይበልጥ ሲጨምር፣ ጭማቂ ከተጠጣ በኋላ ደግሞ የደም ስኳር ከቀድሞው መጠን ወርዶ ታይቷል። የስኳሩ መጠን ሳይለወጥ የፍሬው መፈጨትና መጨመቅ ብቻ ጥጋብን መቀነሱ የጉዳዩን ቁልፍ ያመለክታል።

ስለ ፍሩክቶስ የሚነሣው ሥጋትም መታየት ይገባዋል። ይህ ስኳር በብዛት የሚስተናገደው በጉበት ሲሆን፣ ከመጠን በላይ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ጉበት ከፊሉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ሥጋቱ ለለስላሳ መጠጥ አዘውታሪ ተገቢ ቢሆንም፣ ፍራፍሬ ለሚበላ ሰው ግን ማስረጃው ወደ ሌላ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በታተመ የሜክሲኮ ጥናት፣ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው 131 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ሁለቱም ቡድኖች ጉልበቱ የተቀነሰ ምግብ ለ6 ሳምንታት ተመገቡ። የመጀመሪያው ቡድን ፍሩክቶስን በቀን ከ20 ግራም እንዳያልፍ ሲገድብ፣ ሁለተኛው ከ50 እስከ 70 ግራም፣ በአብዛኛው ከፍራፍሬ፣ እንዲያገኝ ተደረገ። የመጀመሪያው በአማካይ 2.8 ኪሎ ግራም ሲቀንስ፣ ፍራፍሬ ያልተከለከለው 4.2 ኪሎ ግራም ቀነሰ። ጥናቱ አጭር ስለሆነ ፍራፍሬ በራሱ ያከሳል የሚል መደምደሚያ አያስደርስም፤ ነገር ግን የምግቡ ጠቅላላ ጉልበት እስከተቀነሰ ድረስ የፍራፍሬ ስኳር እንቅፋት አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ከዚህ ጋር የሚስማማ ውጤት በረጅም ክትትልም ተገኝቷል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ133 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን እስከ 24 ዓመት የተከታተሉበትን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ እንዳደረጉት፣ በቀን የሚበሉትን ፍራፍሬ በአንድ ድርሻ የጨመሩ ሰዎች በ4 ዓመት ውስጥ የክብደት ለውጣቸው ሩብ ኪሎ ግራም ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ እንዲህ ያለ ክትትልም የሁለት ነገሮችን አብሮ መሄድ እንጂ አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም። ያም ሆኖ የፍራፍሬ ስኳር የሚያወፍር ቢሆን ኖሮ ውጤቱ በተቃራኒው መታየት ነበረበት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያም በዚሁ መሥመር የተቃኘ ነው። ድርጅቱ ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ የመከረው «ነጻ ስኳር» የተባለውን ሲሆን፣ በዚህ ስም የሚጠራው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው እንዲሁም በማር፣ በሽሮፕና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። ሙሉ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ግን በዚህ ገደብ አልተካተተም። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ጁስ ቤቶች የሚቀርበው ስፕሪስ በዚህ ሚዛን ሲታይ መካከለኛ ቦታ ይይዛል። አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው የሚፈጨው ሳይጣራ ስለሆነ አሰሩ በአብዛኛው አብሮ ይቀራል፤ ነገር ግን በብሪስቶል እንደተፈጨው ፖም ማኘክን አይጠይቅም፤ በአንድ ትልቅ ብርጭቆም ሰው በአንድ ጊዜ ከሚበላው በላይ ፍሬ ሊገባ ይችላል። አቮካዶ ስኳሩ ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም በስቡ ምክንያት 100 ግራሙ 160 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። በዚህ ላይ ቪምቶ ወይም ስኳር ሲጨመር ብርጭቆው ጥም መቁረጫ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ምግብ ይሆናል። በጾም ወቅት ስፕሪስ ምሳን ተክቶ ቢጠጣ ተገቢ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሲደረብ ግን ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን ጥረት ያበላሻል። ስለዚህ ያለ ስኳር ማዘዝና ብርጭቆውን ማሳነስ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

የደረቁ ፍራፍሬዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ውሃው ሲወጣ ስኳሩ ስለሚጠብቅ፣ 100 ግራም ወይን 15 ግራም ያህል ስኳር ሲኖረው 100 ግራም ዘቢብ ወደ 60 ግራም ይደርሳል፤ ቴምርም ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ጥቂት ፍሬ ቴምር ጉዳት የለውም፤ እየተጨዋወቱ ሳህኑን መጨረስ ግን የአንድ ምግብ ያህል ጉልበት ያስገባል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ መወሰን አለበት።

ፍራፍሬን የሚተው ሰው ከስኳሩ ጋር አሰሩን፣ ቫይታሚን ሲውን፣ ፖታስየሙንና ጥጋቡን አብሮ ያጣል፤ ረሃቡንም በዳቦ ወይም በብስኩት ለማስታገስ ሲገደድ ትርፉ ኪሳራ ይሆናል። እንግዲህ ክብደት መቀነስ የሚሻ ሰው መቀነሻውን ከሻይ ስኳር፣ ከለስላሳና ከጭማቂ ይጀምር፤ በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ግን ሳይጨምቅ፣ በሚቻለውም ከነልጣጩ አኝኮ ይብላ። ሙዝና ብርቱካን በማንኛውም ጉሊት የሚገኙ ስለሆኑ፣ ይህ ምክር ውድ ዱቄትና ልዩ መድኃኒት ከሚሸጡ ማስታወቂያዎች ይልቅ ለአብዛኛው ሰው አቅም የቀረበ ነው።