ማስላትና ማወጅ፦ ፈንክሽንን በዝርዝር ላይ ስለ ማዋል

መስከረም 1 ቀን በሞጣና በቢቸና፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ይታወጃል። አበቅቴው ስንት እንደ ሆነ፣ አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ ለምእመናን ይነገራል። ሊቁ ግን ከማወጁ በፊት አስልቶ ጨርሷል። ማስላትና ማወጅ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው በኮምፒውተር ሳይንስም ዐቢይ ቁም ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስሌቱን እንመልከት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ይህ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው 1 ሲቀነስ ወንበር ይባላል፤ ቀሪ ከሌለ ወንበሩ 18 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518፣ ቀሪው 13፣ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132 ስለሚሆን አበቅቴው 12 ይሆናል።

እንዲህ ያለው ደንብ በሒሳብ ቋንቋ ፈንክሽን ይባላል፤ አንድ ዓመት ተቀብሎ አንድ ቁጥር ይመልሳል። ለአንድ ዓመት የሚሰጠው መልስ ምንጊዜም አንድ ነው። የብዙ ዓመታት አበቅቴ ቢፈለግስ? ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 በጀመረው ሊስፕ፣ ከእርሱም በኋላ በሃስኬልና በፓይተን ቋንቋዎች፣ አንዱን ፈንክሽን በዝርዝሩ አባላት ሁሉ ላይ ማዋል ይቻላል። መሣሪያው በብዙዎቹ ቋንቋዎች ማፕ ይባላል፦

ማፕ አበቅቴ [2017, 2018, 2019] = [1, 12, 23]

ውጤቱ ሌላ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ ለቀጣይ ስሌት ያገለግላል። መጥቅዕ የሚገኘው አበቅቴው ከ30 ሲቀነስ ስለ ሆነ፣ ሁለተኛ ማፕ [29, 18, 7] ይሰጠናል።

ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት ማተምን ከስሌቱ ጋር ሲያደባልቁ ነው። የአበቅቴው ፈንክሽን ቁጥሩን በመመለስ ፈንታ በስክሪን ላይ ቢያትመው፣ ዓይን ያየዋል እንጂ የመጥቅዑ ፈንክሽን የሚቀበለው ቁጥር አይኖርም። በሌላ በኩል፣ በሃስኬል የማተሚያውን ትእዛዝ በማፕ በዝርዝሩ ላይ ብናውለው የምናገኘው ገና ያልተፈጸሙ የትእዛዞች ዝርዝር ነው፤ ለማስፈጸም ማፕኤም የተባለው የማፕ ዘመድ ያስፈልጋል። በፓይተን 3ም ማፕ ውጤቱን የሚጠይቀው እስኪመጣ ድረስ አያሰላም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ስሕተት ሳያመለክት ስክሪኑ ባዶ ሊሆን ይችላል። ማተም ሲያስፈልግ በዝርዝሩ ላይ በተራ ተመላልሶ ማተሙ ቀላሉ መንገድ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ደንብ አጭር ነው፦ ፈንክሽኑ መልሱን ይመልስ፤ ማተሙ ግን በመጨረሻ፣ በአንድ ቦታ ይፈጸም። እንዲህ የተጻፈ ፕሮግራም ሲሳሳት ጥፋቱ ከስሌቱ ይሁን ከኅትመቱ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። አንባቢም የ2018ን አበቅቴ በእጁ አስልቶ ፕሮግራሙ ከመለሰው 12 ጋር ሊያስተያይ ይችላል።